ሐቅ ወይስ ምጽዋት? የሦስተኛው ማዕዘን ስም በአማርኛ የመማሪያ መጻሕፍት

የኢስላምን መሠረታዊ ትምህርት የጀመረ ልጅ በቃሉ ከሚይዛቸው ነገሮች ቀዳሚዎቹ አምስቱ ማዕዘናት ናቸው። ሸሃዳ፣ ሶላት፣ ዘካ፣ ጾም፣ ሐጅ እያለ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራቸዋል። የቁጥሩ ምንጭ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በሶሒሖቻቸው የመዘገቡት፣ ኢማሙ ነወዊም በአርባዕናቸው ሦስተኛ አድርገው ያኖሩት ሐዲስ ነው። በዚያ ሐዲስ ኢስላም በአምስት ነገሮች ላይ በተገነባ ቤት ተመስሏል። በተለያዩ ዘገባዎች ጾምና ሐጅ ስፍራ ሲለዋወጡ እናያለን፤ ዘካ ግን ከሶላት ቀጥሎ ካለው ስፍራው አይነቃነቅም። በቁርኣንም ሶላትን የማቆም ትእዛዝ በብዙ ስፍራ ዘካን ከመስጠት ትእዛዝ ጋር ተጣምሮ ይመጣል።

ይህን ያህል ክብር የተሰጠው ማዕዘን በእኛ ማስተማሪያ ውስጥ ምን ያህል ቦታ አለው? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው። የዘካን ግዴታነት የሚክድ መምህር የለም፤ ክርክራችንም በእምነቱ ላይ አይደለም። ክርክራችን እምነቱ ወደ አማርኛ በሚሻገርበት ቃልና ቃሉን ተከትሎ በሚመጣው አጭር ማብራሪያ ላይ ነው። በአማርኛ በሚዘጋጁ የመሠረታዊ ትምህርት መጻሕፍትና የደርስ ማስታወሻዎች ዘካ ብዙውን ጊዜ «ምጽዋት» ተብሎ ይፈታል፤ ቀጥሎም ለድሆች ማዘን እንደሚገባ፣ መስጠት ሀብትን እንደሚያበረክት በሁለትና በሦስት ዓረፍተ ነገር ይነገርና ወደ ጾም ይታለፋል። ይህ አፈታት ግዴታን ወደ ልግስና፣ ባለመብትን ወደ ለማኝ እንደሚለውጥ ለማሳየት እንሞክራለን።

አምስቱ ስሞች በአማርኛ ጆሮ

በቅድሚያ ችግሩ የዘካ ብቻ አለመሆኑን እንመን። አማርኛ ከግእዝ የወረሳቸው ብዙዎቹ የሃይማኖት ቃላት ከክርስትና ሥርዓት ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። ሶላት «ጸሎት» ተብሎ ሲፈታ ልመናንና ምልጃን ያስታውሳል፤ ይህም ለዱዓ ይቀርባል እንጂ ውዱእ፣ ቂብላ፣ ሩኩዕና ሱጁድ ያለበትን የአምስት ወቅት ሥርዓት አይገልጽም። «ጾም» በሀገራችን አነጋገር ከሥጋና ከወተት መከልከልን ያመለክታል፤ «የጾም ምግብ» የሚለው አባባል ራሱ ይህን ይመሰክራል። የረመዳን ጾም ግን ከጎሕ መቅደድ እስከ ፀሐይ መጥለቅ ከማናቸውም ምግብና መጠጥ፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነትም በኒያ መታቀብ ነው። ሐጅም ቅዱስ ቦታን ወደ መሳለም ሲጠጋ፣ በዐረፋ መቆምን የመሰለ ዋና ሩክኑ ከእይታ ይወጣል።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ማዕዘናት ላይ ቃሉ የሚያጎድለውን ተግባሩ ይሞላዋል። ሶላት ጸሎት ነው የተባለ ልጅ ከአባቱ ጋር መስጊድ ገብቶ ሰፉን፣ ሩኩዑንና ሱጁዱን ያያል። ሕዝቡም ከመጽሐፉ ቀድሞ «ሰገደ» የሚለውን ግሥ ለሶላት፣ «ዱዓ አደረገ» የሚለውን ለልመና ለይቶ ይዟል። ጾምንም ቢሆን ልጁ ከሱሑርና ከኢፍጣር ይማረዋል። ሐጅን ከሚሄዱትና ከሚመለሱት ሰዎች ይሰማል።

ዘካ ግን እንዲህ ያለ የሚታይ ሥርዓት የለውም። ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ ዕቃውን ቆጥሮ ግዴታውን ሲያሰላ የሚያየው ሰው የለም። ገበሬ ከአውድማው ዐሥር እጁን ሲለይ ልጁ ካላየ፣ የከተማ ልጅ ከወዴት ያያል? በዓይን የማይታይ ማዕዘን ሙሉ በሙሉ በቃል ላይ ይደገፋል። ቃሉ ከተሳሳተ የሚያርመው ተግባር በአጠገቡ አይገኝም። ስለዚህ በአምስቱ መካከል በትርጉም ስሕተት እጅግ የሚጎዳው ይህኛው ነው።

የምጽዋት ቃል ምን ይዞ መጣ?

ቴዎዶር ኖልደከን የመሰሉ የሴማዊ ቋንቋዎች ተመራማሪዎች «ምጽዋት» ወደ ግእዝ የገባው ከአይሁድ አራማይክ መሆኑን፣ መነሻውም «ትእዛዝ» የሚል ፍች ያለው «ሚጽዋ» መሆኑን ጽፈዋል። እንግዲህ ቃሉ በመነሻው ግዴታን የሚያሰማ ነበር። በአማርኛ ግን ትእዛዝነቱ ጠፍቶ የቀረው የሰጪው ርኅራኄ ነው። ዛሬ «ምጽዋት» ስንል የሚታየን በደጃፍ የተዘረጋ እጅና በውስጡ የወደቀ ሳንቲም ነው። ከዚሁ የወጣው «ተመጽዋች» ደግሞ ለማንም የማይመኙት ስም ነው።

ከዚህ ሥዕል ጋር ዘካን ብናስተያየው ልዩነቱ ይገለጣል። ምጽዋት መጠን የለውም፤ የዘካ መጠን ተወስኗል። ምጽዋት ጊዜ የለውም፤ ዘካ በጥሬ ገንዘብ፣ በንግድ ዕቃና በከብት ላይ የጨረቃ ዓመት መሙላትን፣ በአዝመራ ላይ የመከር ቀንን ይጠብቃል። ምጽዋትን ድሃም ሀብታምም ይሰጣል፤ ዘካ የሚጠየቀው ኒሷብ የሞላለት ነው። ምጽዋትን ያልሰጠ ሰው «ንፉግ» ይባላል፤ ዘካን ያልሰጠ ግን የሌላውን ገንዘብ ይዟል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይከብዳል። በመዓሪጅ ምዕራፍ አላህ (ሱ.ወ.) የሚያመሰግናቸውን ሰዎች ሲገልጽ፣ በገንዘባቸው ውስጥ ለለማኝና ከመለመን ለሚታቀብ ችግረኛ የታወቀ «ሐቅ» እንዳለ ያወሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዓዝ ኢብኑ ጀበልን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩም ከሸሃዳና ከሶላት ቀጥሎ እንዲያሳውቃቸው ያዘዙት፣ ከሀብታሞቻቸው ተወስዶ በድሆቻቸው ላይ የሚመለስ ግዴታ እንዳለባቸው ነው። በዚህ ሐዲስ ሁለቱን ግሦች እናስተውል፤ አንዱ መውሰድ፣ ሌላው መመለስ ነው። የሚመለስ ነገር ቀድሞም የባለቤቱ የሆነ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሞት በኋላ በ11 ዓመተ ሒጅራ አቡበክር (ረ.ዐ.) ሶላትንና ዘካን የሚለያዩትን እንደሚዋጉ ሲያስታውቁ፣ በመጀመሪያ ያመነቱት ዑመርም (ረ.ዐ.) በኋላ የተቀበሏቸው፣ ነገሩ የልግስና ጉዳይ ስላልነበረ ነው። ልግስናን የነፈገ ይወቀስ ይሆናል እንጂ በኸሊፋ አይጠየቅም።

ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ

እዚህ ላይ ዐዋቂ አንባቢ «ቁርኣን ራሱ በተውባ ምዕራፍ 60ኛ አንቀጽ የዘካን ተቀባዮች ሲዘረዝር ‹ሰደቃት› ብሎ የለምን?» ብሎ ቢጠይቀን ጥያቄው ትክክል ነው። በሐዲስም፣ በቀደምት ፉቀሃእ አነጋገርም ሰደቃ የሚለው ቃል ግዴታውንም ውዴታውንም ይሸፍናል። ሼኽ ሰይድ መሐመድ ሳዲቅና ሼኽ መሐመድ ሳኒ ሐቢብ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ለኅትመት ባበቁት የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም ይህን ጉዳይ በጥንቃቄ እንደያዙት እናያለን። ሶላትንና ዘካን በስማቸው ሲጠሩ፣ በተውባው አንቀጽ ላይ ምጽዋት የሚለውን ቃል «ግዴታ» ከሚል ቅጽል ጋር አያይዘውታል። ተርጓሚዎቹ ቃሉ ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተው ነበር ማለት ነው። ከእነርሱ በኋላ የመጡት የመማሪያ ጽሑፎች ግን ብዙ ጊዜ ምጽዋቱን ወስደው ግዴታውን ጥለውታል።

ደግሞም ያው አንቀጽ ምጽዋት የሚለውን ሥዕል ይቃወማል። ስምንቱ ተቀባዮች ድሆች፣ ምስኪኖች፣ የዘካ ሠራተኞች፣ ልባቸው የሚለማመድ ሰዎች፣ ነጻነታቸውን የሚሹ ባሪያዎች፣ ባለዕዳዎች፣ በአላህ መንገድ ያሉና መንገደኞች ናቸው። ዘካን ሰብስቦ የሚያከፋፍለው ሠራተኛ ከዘካው የሚያገኘው የድካሙ ዋጋ ነው፤ ሀብታም ቢሆንም ይገባዋል። ይህ ሰው ተመጽዋች ነውን? በሀገሩ ባለጸጋ ሆኖ በመንገድ ስንቁ ያለቀበት ነጋዴስ? ሁለት የተጣሉ ወገኖችን ለማስታረቅ ዕዳ የተሸከመ ሽማግሌስ? ቃሉ ከስምንቱ ተቀባዮች አብዛኞቹን መሸከም አይችልም።

ቀደምት መትኖች እንዴት አስተማሩ?

መጽሐፎቻችን አጭር መሆናቸው በራሱ ነቀፋ አይደለም። ለጀማሪ የሚጻፍ መጽሐፍ አጭር ሊሆን ይገባዋል። ነገር ግን አጭር መሆንና ባዶ መሆን ይለያያሉ። ለዚህም በመድረሳዎቻችን የታወቁትን መትኖች ምስክር እንጥራ።

ከእነዚህ ሁሉ ትንሿ «ሰፊነቱን ነጃ» ናት። ጸሐፊዋ ሐድረሚው ሼኽ ሳሊም ኢብኑ ሱመይር ናቸው፤ በ1271 ዓመተ ሒጅራ በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ሞቱ። በጥቂት ቀናት የምታልቅ መትን ናት። በአምስቱ የኢስላም ማዕዘናትና በስድስቱ የኢማን መሠረቶች ትጀምራለች፤ ጦሃራንና ሶላትን ታስተምራለች። ጸሐፊዋ የጾምን ክፍል እንኳ ሳይጽፉ አቁመዋል፤ በዛሬ ቅጅዎች የምናገኘውን የጾም ክፍል የጨመሩት ሸርሕ የጻፉላት ሼኽ ነወዊ አል-ጃዊ ናቸው። ሆኖም ይህን ያህል ያሳጠሩት ሰው ዘካ የሚወጣባቸውን ስድስት የሀብት ዓይነቶች ሳይዘረዝሩ አልዘጉም፤ እነርሱም የቤት እንስሳት፣ ወርቅና ብር፣ ዐሥራት የሚወጣበት አዝመራ፣ የንግድ ዕቃ፣ የተቀበረ ጥንታዊ ሀብትና ማዕድን ናቸው። ለልጅ በተጻፈችው መትን ውስጥ ስለ ርኅራኄ ስብከት የለም፤ «ከየትኛው ሀብትህ?» የሚለው ጥያቄ ግን ተመልሷል።

«መትኑ አቢ ሹጃዕ» በሚል የታወቀው መጽሐፍ ደግሞ ዘካን በአምስት የሀብት ዘርፎች ከፍሎ፣ የእያንዳንዱን ቅድመ ሁኔታ፣ ኒሷቡንና የሚወጣውን መጠን በቁጥር ያስቀምጣል። ደረሳው ከ5 ግመል አንድ በግ ወይም ፍየል፣ ከ30 ከብት አንድ ዓመት የሞላው ጥጃ፣ ከ40 ከብት ሁለት ዓመት የሞላት ጊደር፣ ከ40 በግ ወይም ፍየል አንድ እንደሚወጣ በቃሉ ይዞ ይነሣል።

የልብ ትምህርትስ? እርሱም አልተዘነጋም። ኢማሙ ገዛሊ በ«ኢሕያኡ ዑሉሚዲን» ለዘካ ምስጢራት ራሱን የቻለ ኪታብ ሰጥተዋል። እርሳቸው ግን ሰጪውን እንደ ባለውለታ አያዩትም፤ ድሃው የአላህን ሐቅ ከእጁ ተቀብሎ ከግዴታ ስላወጣው፣ ባለውለታው ድሃው እንደሆነ ያስተምራሉ። በበቀራ ምዕራፍ ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ማበላሸት የተከለከለውም በዚሁ መንፈስ ነው። የእኛ አጫጭር ማብራሪያዎች የልብን ነገር እናስተምራለን ብለው ከቁጥሩ ሸሽተዋል፤ በደረሱበትም የልብ ትምህርት ገዛሊ የሚያስጠነቅቁትን የባለውለታነት ስሜት ሳያውቁት ይዘራሉ።

ቁጥሩ ሲጠፋ የሚሆነው

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በብዙ ባላደከመን ነበር። ነገር ግን ቁጥር የሌለው ትምህርት በጓዳና በአውድማ የሚተወው ክፍተት አለ።

ገበሬውን እንመልከት። የአዝመራ ኒሷብ 5 ወስቅ፣ ማለትም 300 ሷዕ ነው። ሷዕ የመስፈሪያ ልክ ስለሆነ ክብደቱ እንደ እህሉ ይለያያል፤ የዘመናችን ዑለማእ በስንዴ ሲያሰሉት 650 ኪሎ ያህል፣ በእኛ አነጋገር ስድስት ኩንታል ተኩል ያህል ይሆናል። በዝናብ የበቀለ ከሆነ ከዐሥር አንድ፣ በድካምና በወጪ በመስኖ የጠጣ ከሆነ ከሃያ አንድ ይወጣል። እንግዲህ በዝናብ 20 ኩንታል ያገኘ ገበሬ 2 ኩንታል፣ በመስኖ ያገኘ 1 ኩንታል ይሰጣል። መጽሐፎቻችን ምሳሌ በሚሰጡበት ጊዜ እንኳ ተምርና ዘቢብ ይጠቅሳሉ፤ ጤፍ ግን በብዙዎቹ ውስጥ አይታይም። ጤፍ የሚከማች ዋና ቀለብ በመሆኑ በሻፊዒዮች መስፈርትም ይገባል። ገበሬው ግን ስሙን ካልሰማ የእርሱ አውድማ የተነካ አይመስለውም። እንዲሁም በሻፊዒ፣ በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀቦች የሚታረስባቸው በሬዎች ከከብት ዘካ ነጻ መሆናቸውን፣ ማሊኪዎች በዚህ እንደሚለዩ፣ ማን ይነግረዋል?

ቡና አምራቹ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። በሻፊዒ መዝሀብ የአዝመራ ዘካ ቀለብ ሆኖ በሚከማቸው ላይ ስለሆነ ቡና አይገባበትም፤ ተሽጦ ገንዘቡ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲቆይ ግን እንደ ገንዘብ 2.5 በመቶ ይወጣበታል። አቡ ሐኒፋ ምድር ከምታበቅለው፣ ሰው ለጥቅም ከሚያለማው ሁሉ ዐሥራቱ እንዲወጣ ይላሉ፤ ዩሱፍ አል-ቀረዳዊም «ፊቅሁ ዘካ» በተሰኘው ሥራቸው ወደዚህ አስተያየት ያዘነብላሉ። ሁለቱም መዝሀቦች በሀገራችን ተከታዮች አሏቸው። መምህሩ የትኛውንም ቢይዝ፣ ልዩነቱን አውቆ መናገር ይጠበቅበታል። «ከቡናህ ለድሃ አስብ» ማለት ግን በየትኛውም መዝሀብ መልስ አይደለም።

ወደ ነጋዴው እንምጣ። በዓመቱ መጨረሻ በእጁ ያለውን የሚሸጥ ዕቃ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይተምናል፤ መደርደሪያው፣ ሚዛኑና ሱቁ ለሽያጭ ስላልሆኑ አይቆጠሩም። ዋጋው 2,000,000 ብር ሆኖ ከኒሷብ በላይ ከተገኘ የሚወጣው 50,000 ብር ነው። ኒሷቡ በወርቅ 20 ሚስቃል፣ 85 ግራም ያህል፣ በብር 200 ዲርሀም፣ 595 ግራም ያህል ነው። ዛሬ የሁለቱ ዋጋ እጅግ ስለተራራቀ፣ በወርቅ ሲለካ ዘካ የማይመለከተው ሰው በብር ሲለካ ባለጸጋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ በየትኛው እንደሚለካና ለምን እንደሆነ መግለጽ ነበረበት።

ይህ ሁሉ ሳይነገረው የቀረ ነጋዴ በረመዳን መጨረሻ ፊጥራውን ሰጥቶ፣ በመስጊድ ደጃፍ ለተቀመጡት ዝርዝር በትኖ፣ ሦስተኛውን ማዕዘን የተወጣ ይመስለዋል። ፊጥራ ራሱን የቻለ ግዴታ ነው፤ በነፍስ ወከፍ የሚወጣ እንጂ የገንዘብ ዘካን የሚተካ አይደለም። ሰውየው ንፉግ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ለጋስ ነው። ምጽዋት ስጥ ተብሏል፤ ሰጥቷል። ጉድለቱ ያለው ባስተማርነው በእኛ ላይ ነው።

ሁለት መልሶችና አንድ ሐሳብ

«ጀማሪ ተማሪ በስሌት አይጨነቅ፤ ብዙው ወገናችንም ድሃ ስለሆነ አይመለከተውም» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። በመጀመሪያው ላይ ሰፊናና አቡ ሹጃዕ መልሰውልናል። በሁለተኛው ላይ የምንለው፣ ድሃው ከሀብታሙ ባልተናነሰ ይህን ትምህርት ይሻል ነው። የራሱን ሐቅ ያላወቀ ሰው የሚሰጠውን እንደ ውለታ ተቀብሎ አንገቱን ይደፋል። ሐቁን ያወቀ ግን አላህ የደነገገለትን ድርሻ በክብር ይቀበላል።

ሌላው መልስ «ምጽዋትን ትተን ዘካ በሚለው ብቻ እንጸና» የሚል ነው። ይህ ትክክለኛው መነሻ ነው፤ ሕዝቡም ቃሉን ያውቀዋል። ግን ብቻውን አይበቃም። ያልተብራራ የዐረብኛ ቃልም ከተሳሳተ የአማርኛ ቃል ያልተሻለ ባዶ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ልጁ ዘካ ብሎ ጣቱን ያጥፋ፤ «ዘካ ምንድን ነው?» ሲባል ግን የሚመልሰው ነገር ይኑረው።

የሚመልሰውም ቃል በአፋችን ላይ አለ። አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም «የሰው ሐቅ አትብላ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አይሻም። የወላጅ አልባ ውርስ የነጠቀ፣ የሠራተኛ ደመወዝ ያስቀረ፣ ድንበር የገፋ የሰው ሐቅ በላ ይባላል፤ ሰሚውም ይደነግጣል። ይህ ቃል በቁርኣኑ አንቀጽ ካለው ቃል ጋር አንድ ነው። እንግዲህ በመጽሐፎቻችን «ዘካ ማለት ምጽዋት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ዘካ በተወሰነ ሀብት ላይ፣ በተወሰነ መጠንና ጊዜ፣ ለተወሰኑ ባለመብቶች የሚወጣ ሐቅ ነው» በሚል ይተካ ዘንድ እናሳስባለን። ከዚህ ዓረፍተ ነገር በታች አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ይጨመር፤ በውስጡም ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ከብት፣ ፍየል፣ የሱቅ ዕቃና በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ በስማቸው ይግቡ፤ መዝሀቦች በሚለያዩበትም ልዩነቱ ይጠቆም። ኢማሞቻችንም የዘካን ኹጥባ በረመዳን ብቻ ሳይወስኑ በመከር ወራት ቢያደርጉት፣ ገበሬው እህሉ ከአውድማ ሳይነሣ ይሰማቸዋል።

መምህር ለአንድ ቃል የሚጨነቀው ቃሉ ወደ ሰው እጅ ስለሚወርድ ነው። «ምጽዋት» ብለን ያስተማርነው እጅ ከኪሱ የተረፈውን ያወጣል። «ሐቅ» ብለን ያስተማርነው እጅ ግን አስቀድሞ ይቆጥራል፤ የእርሱ ያልሆነውንም ለይቶ ለባለቤቱ ይመልሳል። ወላሁ አዕለም።